ለአባቴ የለቀቅሁት ጢም

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን ጢሜ ወጣ።

ይህን በሹክሹክታ ብትናገሪው ይሻል ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። አሥራ አራት ዓመት በሹክሹክታ ኖሬያለሁ፣ ይበቃኛል። ጢሜ ወጣ። ሴት ነኝ፤ ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አስቀምጬ ልብስ እሰፋለሁ። ከአገጬ ሥር እስከ ጆሮዬ ግርጌ ድረስ ደግሞ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ የጎልማሳ ጢም ይበቅልብኛል። በየማለዳው ስለማጠፋው ሰው አያውቅም ነበር። ከእናቴ በቀር ማንም አያውቅም ብዬ እምል ነበር።

ልቅሶ ቤት ግን የሰው ገመና አይችልም። ቤታችን ከማንኩሳ ወረድ ብሎ በበርበሬ ማሳ መካከል ያለች ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት። አባቴ ሲቀበር የቋሪቱም የቡሬውም ዘመድ መጣ፤ በቀብሩ ማግስት ደግሞ መንገድ ተዘጋና የመጣው ሰው መመለሻ አጣ። ሁለቱም ክፍል፣ ግቢው ውስጥ የተጣለው ዳስም ጢም አለ። ስተኛ በግራዬ አክስቴ፣ በቀኜ የአክስቴ ልጅ። ወደ ሽንት ቤት ስነሣ እንኳ "ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድም" ብለው አንዷን ያስከትሉብኛል። መስተዋት የት፣ ምላጭ የት፣ ለብቻ መሆን የት! ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተቀመጥሁ።

መከናነቡ አላስጠረጠረም፣ ሐዘንተኛ ይከናነባል። የፈራሁት መሳሙን ነው። ልቅሶ የሚደርሰው ሁሉ አንገቴን አቅፎ ጉንጭ ለጉንጭ ነው የሚስመኝ። በመጀመሪያው ቀን ጉንጬን ሰጠሁ። በሁለተኛው ቀን ግንባሬን። በሦስተኛው ቀን ፊቴን ከሰው ትከሻ ሥር ቀብሬ ስንሰቀሰቅ "አይ፣ አባቷን እንዴት ብትወደው ነው!" ተባለልኝ። መውደዱንስ እወደው ነበር። ግን የዚያን ዕለት ከሐዘኔ እኩል ፍርሃቴ ነበር የሚያስለቅሰኝ። በአባቴ ልቅሶ ላይ ለአባቴ ብቻ ማልቀስ አለመቻሌ አንጀቴን አሳረረው።

ነገሩ የጀመረው በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ፤ ፍኖተ ሰላም ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን እንማራለን። አንዷ ሹሩባ ልትሠራኝ አገጬን ያዝ አድርጋ "እንዴ፣ ጢም አለሽ እኮ!" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቅዳሜ ቤት ስገባ ለእናቴ አሳየኋት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ወደ በሩ ብርሃን ዞር አድርጋ አየችኝና "አባትሽ እንዳይሰማ" አለች። ቀጥላም "ዝቅ በይ፣ ሰው እንዳያይሽ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመኔ በእነዚህ ሁለት ቃላት የተገዛ ነበር።

የመጀመሪያ መሣሪያዬ የአባቴ ወረንጦ ነው። የእኛ አገር ገበሬ ያለ ወረንጦ ከቤቱ አይወጣም፤ እሾህ ሲወጋው የሚነቅልባት ትንሽ የብረት መቆንጠጫ ናት፣ በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። አባቴ ሊታጠብ ሲል ግድግዳው ላይ የሰቀላትን አነሣሁ። ፈለጋት፣ እናቴን ጠየቀ፣ "ወፍ ወስዷት ይሆናል" ብሎ ለራሱ ሳቀ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከገበያ ሌላ ገዝቶ አሰረ። በቃ፣ ወረንጦዋ የእኔ ሆነች። ከጎተራው ጀርባ ተደብቄ እነቅልና እዚያው ጎተራው ሥር ካለች ቀዳዳ እሸጉጣታለሁ። ትምህርቴን ጨርሼ ስፌት ከጀመርሁ በኋላም ከተማ ስሆን በምላጭ፣ ቤት ስመጣ በወረንጦዋ ነበር የምኖረው። ጫፏ ሲዶለዱም በሚቀጥለው ስመጣ ተስላ አገኛታለሁ። የምታስልልኝ እናቴ ናት ብዬ አስቤ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

እናቴ ያልሞከረችው የለም። ጠበል ወሰደችኝ፤ አጥማቂው በዚያ በጥር ብርድ ውሃውን እያወረደብኝ "አንተ! ከዚች ልጅ ላይ ተነሥ! ማነኝ በል!" ይለኛል። "እኔው ነኝ" አልሁት። "እኔው ማነው?" "እኔው ራሴ ነኝ፣ በርዶኛል።" እልል ሊል የተዘጋጀው ሰው ሁሉ ደነገጠ። በጠበሉ አልቀየምም፣ እስከ ዛሬም እጠመቃለሁ። የተቀየምሁት "አንተ" መባሌን ነው።

ከጢሙ ሌላ ደግሞ የወር አበባዬ በዓመት ሁለቴ፣ ካማረለትም ሦስቴ ነበር የሚመጣው። ይህን ማን ያውቃል ትሉ ይሆናል። መንደሩ ያውቃል! በእኛ ዘንድ የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፣ ከቅጥሩ ቆማ ታስቀድሳለች። እኔ ሁልጊዜ ውስጥ ነኝ። ሴቶቹ ቆጠሩ። "ይቺ ልጅ ውጭ ቆማ አይተናት እናውቃለን? ደሟን ይዛ ነው የምትገባው" አሉ። እናቴ ሰማችና "በየወሩ አንድ እሑድ ውጭ ቁሚ" አለችኝ።

"ላልመጣ ነገር?"

"ላልመጣ ነገር።"

ቆምሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ላልመጣ የወር አበባ ከቅጥሩ ሥር ቆምሁ። አንድ እሑድ ሐምሌ ላይ ዝናቡ አፈር ድሜ ሲያስበላኝ አባቴ ከወንዶቹ በር ወጣ፣ ጃንጥላውን እጄ ላይ አስቀመጠ፣ ተመልሶ ገባ። ያኔ ሁሉን የሚያውቅ አልመሰለኝም። ከቅዳሴ ወደ ቤት ሲመለስ ራሱ በስብሶ "ዝናብ ለእህል ጥሩ ነው" ብሎ ሄደ።

ሐኪም ቤት የሄድሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በገዛ ስፌቴ ገንዘብ፣ ለማንም ሳልናገር ነው። ባሕር ዳር አንዲት ወጣት ሐኪም ሆዴን በአልትራሳውንድ እያየች "ፒሲኦኤስ ይባላል" አለችኝ። እንቁላሎቹ ሳይበስሉ ይቀሩና እንደ ትናንሽ ከረጢት እንቁላል በሚያፈራው ኦቫሪዬ ላይ ተደርድረዋል። የወንድ የሚባለው ሆርሞን ሁሉም ሴት ዘንድ ጥቂት ጥቂት አለ፣ በእኔ ላይ በዝቷል፤ ጢሙም፣ የፀጉሬ መሳሳትም፣ የወር አበባዬ መጥፋትም ከዚያ የመጣ ነው።

"ማን አመጣብኝ?" አልኋት።

"ማንም አላመጣብሽም። ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል። በቤተሰባችሁ ሌላ ሰው አለ?"

"የለም።"

"የለም ወይስ አልተወራም?" ብላ ፈገግ አለች። "ከዚህ በር ውጭ ወረፋ ከያዙት ውስጥ አንች ብቻ አይደለሽም።" ስወጣ ወረፋውን አየሁት። ግማሾቹ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበዋል። እንዲህ ብዙ ሆነን እያንዳንዳችን ብቻዬን ነኝ ማለታችን በሳቅ ሊገድለኝ ነበር፤ ደግሞም አስቆጣኝ።

ያዘዘችልኝ ክኒን የወሊድ መከላከያ ነው፤ ሆርሞኑን ይገታል፣ የወር አበባውን ያስተካክላል። ክረምት ላይ ለእረፍት ቤት በመጣሁ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ለቤት ስትዞር አየችውና "ይኸማ የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው" ብላ ለእናቴ ነገረቻት። ወይ ጉድ! እናቴ ያን ቀን ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ "ማነው? ማነው እሱ?" አለች። ስትጮኽ ግን ዓይኗ ውስጥ ደስታ ብጤ አየሁ። ጢም ያላትን ልጇን የሚፈልግ ወንድ በዚህ ዓለም ላይ አለ ማለት ነዋ! ማንም እንደሌለ ስነግራት በሁለቱም በኩል አዘነች።

ክኒኑ ብዙ ነገር አቃለለልኝ። ላልመጣ ነገር መቆም ቀረ፤ በየወሩ ለመጣ ነገር እቆም ጀመር። ጢሙ ግን እድገቱን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። "ይያዛል እንጂ ተነቅሎ አይጠፋም" ብላኝ ነበር ሐኪሟ። አንድ ደህና ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነው ሲባል እኔ ራሴ አስቀረሁት፤ ባል ከጎኔ ተኝቶ ማለዳ የት ልነቅል ነው? እንዲህ አድርጌ ሠላሳ ሞላኝ፣ አባቴም ሆዱን ታሞ ሁለት ወር ተኝቶ ሞተ።

እና ሦስተኛው ቀን። ደንቡን ልንገራችሁ፤ አባት ሲሞት ሴት ልጅ ፀጉሯን ትላጫለች፣ ወንድ ልጅ ጢሙን ይለቃል፤ ጢሙ እስከ አርባው ተዝካር አይነካም፣ ያኔ ሽማግሌ ይላጨውና ሐዘኑ ይወጣል። አባቴ ከእኔ በቀር ልጅ የለውም። ስለዚህ ሐዘኑን የያዘው ታናሽ ወንድሙ፣ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም የመጣው አጎቴ ነው። ከዳሱ ራስጌ ተቀምጦ የሦስት ቀን ጢሙን እያሻሸ "ወንድሜ ወንድ ሳይተካ!" ይላል። ከቡሬ የመጣችው አልቃሽ ሰማችና ቃሉን ተቀብላ አወረደችው፤

ሞፈሩን ሰቀለ እርፉን አስደግፎ፣
ጢም የሚለቅለት ወንድ ሳይወልድ አልፎ።

ዳሱ በለቅሶ ተናጠ። እኔ በነጠላዬ ውስጥ ጢሜን በመዳፌ ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ያኔ እናቴ ተነሣች። እናቴ መላ አታጣም፤ "ልጄን ፀጉሯን ላውርድላት፣ ማንም አይከተለን፣ እኔና እሷ እንላቀስበት" ብላ እጄን ይዛ ከጎተራው ጀርባ ወሰደችኝ። ምላጩ መቀነቷ ውስጥ ነበር። ፀጉሬን ላጨችኝ፤ የሳሳ ስለሆነ ብዙ አልፈጀም። ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና "ቶሎ በይ፣ አገጭሽን አምጭ" አለች። ለዚህ ነበር ያመጣችኝ። ምላጭ የሚተወውን በወረንጦዋ ልጨርሰው ብዬ እጄን ወደ ቀዳዳዋ ሰደድሁ። አወጣኋት። ጫፏ ተስሏል፣ አዲስ የተሳለ ብረት ያብለጨልጫል።

"በዚህ ሁሉ መከራ መሐል መቼ አሳልሽው?" አልኋት።

"እኔ መች አስዬ አውቃለሁ?"

ተያየን። እናቴ ምላጩን እንደያዘች ቁጭ አለች።

"አባትሽ ነው" አለች።

"አባቴ ምን ያውቃል?"

"ከመጀመሪያው ያውቃል። የወሰድሽው ቀን አይቶሻል። 'ማወቄን እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች' አለኝ። ሲዶለዱም እሱ ነው በድንጋይ የሚስለው። ታሞ ከተኛ በኋላ እንኳ 'የልጅቱ ወረንጦ ዶልዱሟል፣ አቀብይኝ' ብሎ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ነው የሳለው።"

አለቀስሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቴ ብቻ አለቀስሁ። ንዴቴም አብሮ መጣ፣ አልዋሽም። ሦስት ሰዎች በአንድ ቤት አሥራ አራት ዓመት አንዱን ነገር እርስ በርስ ስንደባበቅ! እኔ ከእሱ ስሸሽ እሱ ከኋላዬ ብረት እየሳለ! አንድ ቀን "ነይ ልጀ" ቢለኝ ምን ነበረበት? አንድ ቀን "አባየ፣ ይኸውልህ" ብለው እኔስ ምን ነበረብኝ?

እናቴ ምላጩን አነሣች። እጇን ያዝኋት።

"መልሽው።"

"አብደሻል?"

"አላበድሁም። ያቺ ሴት ምን አለች? ጢም የሚለቅለት የለውም አላለችም? እኔ ልጁ አይደለሁም? ይኸው ጢም!"

"አንች ልጅ፣ በቁሜ አትግደይኝ! ሰው ሁሉ እዚያ ተቀምጦ!"

"ሰው ስላለማ ነው።" ወረንጦዋን በክር አንገቴ ላይ አሰርሁ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣልሁ፣ ራሴን ተላጭቼ፣ ጢሜን ይዤ ወደ ዳሱ ገባሁ። ከአጎቴ ጎን ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ።

አልቃሿ ግጥሟን ከመሐል አቋረጠች። አንዷ "በስመ አብ!" ብላ አማተበች። አጎቴ ዞር ብሎ አየኝና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ተሸፈኝ!"

"ጋሼ፣ አልሸፈንም። ጢም የሚለቅለት የለውም ስትሉ ሰማሁ። የእርስዎም የሦስት ቀን ነው፣ የእኔም የሦስት ቀን ነው። ይቆጠርልኝ።"

እንዲያውም የእኔ ይበልጥ ነበር፤ የአጎቴ ጢም እዚህም እዚያም የበቀለ ነው። ከበር አካባቢ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አክስቴ፣ ሁለት ሌሊት በግራዬ የተኛችው የአባቴ እኅት፣ አፍጥጣ እያየችኝ "እረግ! እናታችንም እኮ…" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ዘግይቶባታል፣ ሁሉም ሰምቷል። አጎቴ ወደ መሬት አየ። ያቺ ሐኪም "የለም ወይስ አልተወራም?" ያለችኝ ትዝ አለኝ። አያቴም ከጓዳ ስትነቅል ኖራ ነው የሞተችው ማለት ነው፤ አጎቴም የተቆጣው እናቱን በእኔ ፊት ላይ ስላየ ነው።

በማግስቱ መንገድ ተከፈተ። አጎቴ በቅሎው ተጭና ሳለ እናቴ በቆመችበት ቃሉን ሰጠ፤ "ያንን ከፊቷ ካላነሣች በወንድሜ ተዝካር ላይ አልቆምም። የቋሪት ሰውም አይቆምም።" ቀላል ነገር አይደለም። ወንድም የቀረበት ተዝካር ለሟች ውርደት ነው፤ ለእናቴ ደግሞ ዕድሜ ልኳን የሚከተላት አፍ ነው። እናቴ በሩን ዘግታ እግሬ ላይ ወደቀች። "ለአባትሽ ብለሽ" አለች።

"ለአባቴ ብዬ ነው" አልኋት። አነሣኋት፣ ግን ቃሌን አላጠፍሁም። በልቤ ግን ፈርቼ ነበር። አጎቴ የምሩን ቢቀርስ? የአባቴ ተዝካር በእኔ አገጭ ምክንያት ባዶ ዳስ ቢሆንስ? በዚያ አርባ ቀን ውስጥ ምላጩን ያነሣሁበትና የመለስሁበት ማለዳ ብዙ ነው።

በሁለት ሳምንቴ ወደ ስፌቴ ተመለስሁ። እዩልኝ! በረንዳዬ እንዲያ ሰው አይቶ አያውቅም። ሊያሰፋ የመጣ ጥቂት፣ ሊያይ የመጣ ብዙ። ጎረቤቴ ያለው ልብስ ሰፊ "ተፎካካሪ መጣብኝ" ብሎ የራሱን ጢም ዳበሰ። አንድ የከተማ ጎረምሳ "ማዘር ልበልሽ ፋዘር?" አለኝ። "ሱሪ ልታሳጥር ከመጣህ ስጠኝ፣ አፍ ልታስረዝም ከመጣህ ግን እኔ ጨርቅ ነው የምሰፋው" አልሁት። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ሱሪውን ግን አምጥቶ አሳጠረ።

አንድ ቀን ሻሿን እስከ አገጯ ያሰረች ልጅ መጣች። "ኮሌታው እስከዚህ ድረስ ከፍ ይበልልኝ" ብላ ጆሮዋ ሥር ነካች። እጇ ያረፈበትን ቦታ ስለማውቀው ሜትሬን አስቀመጥሁ። "ኮሌታ አልሰፋልሽም። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የሕመሙን ስም በወረቀት ጽፌ እሰጥሻለሁ፣ ኃጢአትም ዛርም አይደለም። ከዚያ በኋላ ኮሌታ ከፈለግሽ በነፃ እሰፋልሻለሁ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ወረቀቱን ተቀብላ ሄደች። ለኮሌታው እስከ ዛሬ አልመጣችም።

አርባው ደረሰ። ፍትሐቱ አለቀ፣ ካህናቱ በሉ፣ ሕዝቡ ዳስ ውስጥ ተቀመጠ። የአጎቴ ቦታ ባዶ ነበር። እናቴ በየደቂቃው ወደ መንገዱ ታያለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ታያለች። የአርባ ቀን ጢሜ አገጬን ሸፍኖታል። ተነሥቼ ከጎተራው ጀርባ ሄጄ ልላጨው ብዬ እግሬን ሳነሣ ውሻው ጮኸ። አጎቴ ነው፣ ከአራት የቋሪት ሰዎች ጋር። በቅሎውን አስሮ ገባ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ እኔን ሳያይ ከቦታው ተቀመጠ።

የመንደሩ ላጭ ሽማግሌ ናቸው፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ያን የሦስተኛውን ቀን ዳስ ውስጥ ሆነው ሁሉን አይተዋል። ዱካውን፣ ያችን አጭር በርጩማ፣ ፀሐዩ ላይ አስወጡ፣ ምላጫቸውን ሳሉ፣ "የሟች ወንድም!" ብለው ጠሩ። አጎቴ ተቀመጠ፣ ላጩት፣ "እግዜር ያጽናህ" አሉት። ከዚያ ምላጩን በጨርቅ ጠርገው ቀና አሉ።

"የሟች ልጅ!"

ዳሱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"የሟች ልጅ አልሁ እኮ! ትምጣና ሐዘኗን ላውጣላት።"

አጎቴ ጆሮው ሥር ሳሙና እንደቀረበት ተነሣ። "ኧረ አባቴ፣ ይኸ ነገር ነውር ነው" አለ።

"ሐዘን ይዛለች አልያዘችም?" አሉት።

አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን በደንብ አየው። "ይዛለች" አለ።

"እንግዲያስ የያዘችውን ማውጣት የእኔ ሥራ ነው። ልጀ፣ ነይ ተቀመጭ።"

ሄጄ ዱካው ላይ ተቀመጥሁ። ምላጭ አገጬን በፀሐይ ነክቶት አያውቅም። ከፊቴ ዳሱ ሙሉ ሰው አለ፤ ከቅጥሩ ሥር ያስቆሙኝ ሴቶች፣ አልቃሿ፣ አክስቴ። ውሃ ያስፈልግ ነበርና ማን ያቀርባል ብለው ሽማግሌው ሲጠብቁ እናቴ ከጓዳ የውሃውን ሳሕን ይዛ ወጣች። ሰው መሐል አቋርጣ መጣች፣ ተንበረከከች፣ ጢሜን በገዛ እጇ በሳሙና አሸችው። እኔ ከልማድ የተነሣ አንገቴን ሰብሬ አገጬን ደረቴ ውስጥ ቀብሬ ነበር። እርጥብ እጇን ከአገጬ ሥር አስገባችና ወደ ፀሐዩ አነሣችው።

"ቀና በይ ልጀ" አለች፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። "ቀና በይ፣ ሰው ይይሽ።"